ወደ ላስታ ስለሚላክ የዋይፋይ ዕቃና ስለ ሊኑክስ ኮምፒዩተር

የላስታን ማር የሚገዛ ነጋዴ የእንስራውን መልክ አይቶ ገንዘብ አይከፍልም። ክዳኑን አስከፍቶ ይቀምሳል፤ ነጩን ከቀዩ፣ ንጹሑን ስኳር ከገባበት ለይቶ ያውቃል፤ ዋጋውንም በዚያው መጠን ይቈርጣል። ያው ነጋዴ ግን ለኮምፒዩተር የሚሆን የዋይፋይ ዕቃ ሲገዛ የካርቶኑን ሥዕልና የፋብሪካውን ስም ብቻ ተመልክቶ ይረካል። ዕቃው ተጭኖ ላሊበላ ከደረሰና ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ከተሰካ በኋላ «አይሠራም» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ጥፋቱን ወይ በሊኑክስ፣ ወይ በኔትወርኩ፣ ወይ በገዢው ያመካኛል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱም አይደለም። ጥፋቱ በዕቃው ውስጥ ያለው ቺፕ የትኛው እንደ ሆነ ሳይጠየቅ መገዛቱ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የንግድ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል የሌለውን ኮምፒዩተር አይቀበልም፤ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከመዝገቡ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ ገና ያልደከሙ ላፕቶፖች በአውሮፓና በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች እየተለወጡ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይወጣሉ። በኢትዮጵያ በኩል ሲታይ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ዐቅም ያነሰው ተማሪ፣ አስጎብኚ፣ የሆቴል ጸሐፊና አነስተኛ ባለሱቅ ዐይኑን ወደ አሮጌው ዕቃ መመለሱ የማይቀር ነው። አሮጌውን ዕቃ ያለ ፈቃድ ክፍያ፣ ነገር ግን በሕጋዊ መንገድ ሥራ ላይ የሚያውለው ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊጭነው፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው የተፈቀደለት የኮምፒዩተር ሥርዐት ነው። ልዩ ልዩ ማኅበራትና ኩባንያዎች እያሰናዱ በየስማቸው ያወጡታል። ከእነዚህም አንዱ ኡቡንቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተጀመረ ሲሆን ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። ድርጅቱ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። ዛሬ ሲዲው በፍላሽ ተተክቷል፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዞረው ያ ፍላሽ ነው፤ ስለ እርሱም ኋላ ይነገራል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በላስታ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የሆቴሉም፣ የአስጎብኚውም፣ የእጅ ሥራ ሻጩም ገቢ የተመሠረተው ከሩቅ በሚመጣ እንግዳ ላይ ነው፤ እንግዳውም ከመምጣቱ አስቀድሞ ክፍሉን የሚይዘው በኢንተርኔት ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድ ጋሸና ላይ ሲገነጠል ወደ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚህ መንገድ የመጣ ብልሹ ዕቃ በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ቢመለስ የማመላለሻው ኪሳራ የዕቃውን ትርፍ ይበላዋል።

ከመንገዱም ይልቅ የሚከብደው የመገናኛው መቋረጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ተቋርጧል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው ቤት ቢገኝ ወደ እርሱ የሚያስገባው በር ዋይፋይ ብቻ ይሆናል። ያም ባይኖር እንኳ አንድ ራውተር በአንድ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸውና ከማተሚያው ጋር ያገናኛል፤ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው። የማይሠራውን የዋይፋይ ዕቃ የሚያሠራው ድራይቨር የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ያው የዋይፋይ ዕቃ መሥራት አለበት። የሳጥኑ ቁልፍ በሳጥኑ ውስጥ ተቈልፎበታል ማለት ነው። ይህ በመርካቶ ቀላል ችግር ነው፤ የጎረቤቱን ባለሱቅ ለምኖ ፋይሉን በፍላሽ መቅዳት ይቻላል። በላሊበላ፣ ከዚያም አልፎ በላስታ የገጠር ከተሞች ግን ጎረቤቱም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራው መጠናቀቅ ያለበት ዕቃው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ነው።

ድራይቨር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ነጋዴ ነገሩን እንዲህ መረዳት ይቻላል። ኮምፒዩተሩና የዋይፋዩ ቺፕ ቋንቋቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ናቸው ቢባል፣ ድራይቨሩ በመካከላቸው የቆመ አስተርጓሚ ነው። በዊንዶውስ ዘንድ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጋር በሲዲ ይመጣል፤ በሊኑክስ ዘንድ ግን አስተርጓሚዎቹ አብዛኞቹ ከርነል በሚባለው የሥርዐቱ እምብርት ውስጥ አስቀድመው ተሰብስበው ይኖራሉ። ቋንቋው የሚታወቅ ቺፕ ሲሰካ ሊኑክስ ምንም ሳይጠይቅ ወዲያው ይሠራል፤ በዚህ በኩል እንዲያውም ከዊንዶውስ ይልቅ ይቀናል። ቋንቋው የማይታወቅ ቺፕ የመጣ እንደ ሆነ ግን ዝም ይላል።

ፈርምዌር ከድራይቨር የተለየ ነገር ነው፤ ብዙ ሰዎች ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። ፈርምዌር ቺፑ ራሱ ሥራውን የሚያከናውንበት መመሪያ ነው። ብዙዎቹ የዋይፋይ ቺፖች ይህን መመሪያ በሆዳቸው አያኖሩትም፤ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ከዲስክ ተነብቦ ሊሰጣቸው ያስፈልጋል። ስለዚህ አስተርጓሚው እያለ መመሪያው ቢጠፋ ዕቃው አሁንም አይሠራም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚጽፈው የውስጥ መዝገብ ላይ «ፈርምዌር አልተገኘም» የሚል መልእክት ከታየ፣ ዕቃው ጤነኛ መሆኑንና የጎደለው አንድ ትንሽ ፋይል ብቻ መሆኑን ሻጩ ሊያውቅ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ እንደ ብልሹ ቈጥሮ መጣል በገንዘብ ላይ መቀለድ ነው።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ማኅበር በዚህ ረገድ ለብዙ ዓመታት ጥብቅ ነበር። ፈርምዌሩ ምንጩ ያልተገለጸ የኩባንያ ንብረት ስለሆነ በዋናው የመጫኛ ዲስክ ውስጥ አይገባም ነበር። ይህ ለነፃነት መቆርቆር የሚመሰገን ቢሆንም ኢንተርኔት ለራቀው ሰው ግን ከባድ ሸክም ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥቶበት፣ በ2023 ከወጣው ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከመጫኛው ጋር አብሮ እንዲገባ ሆኗል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀዳ የዴቢያን ፍላሽ ያለው ባለሱቅ በአዲሱ ቢለውጠው ከብዙ ድካም ይድናል።

የቺፕ ሠሪዎቹ ጠባይ አንድ ዐይነት አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ሴንትሪኖ ለተባሉት ላፕቶፖች የሊኑክስ ድራይቨር ማዘጋጀት ጀምሮ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። አቴሮስ የተባለው ኩባንያ በ2008 ኤቲኤች 9 ኬ የተሰኘውን ድራይቨር በይፋ ሰጥቷል። ብሮድኮም ግን ለረጅም ጊዜ ምስጢሩን ይዞ ቆየ፤ ፈቃደኛ ሠራተኞች የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር በመመርመር ቋንቋውን ተምረው በራሳቸው ድካም ድራይቨር ጻፉለት። ሆኖም ፈርምዌሩን የማከፋፈል መብት ስላልነበራቸው ተጠቃሚው ራሱ ከኩባንያው ፋይል ፈልቅቆ ማውጣት ነበረበት፤ ይህም ያለ ኢንተርኔት የሚሆን አልነበረም። ኩባንያው ለአንዳንዶቹ ቺፖቹ ግልጽ ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው። በዚያ ዘመን የዊንዶውሱን ድራይቨር ወስዶ በሊኑክስ ላይ የሚያሠራ መሣሪያም ነበረ፤ ዛሬ ግን ሊታመኑበት አይገባም።

የካርቶን ስም እንዴት እንደሚያታልል ለማወቅ አንድ የታወቀ ምሳሌ ይበቃል። ቲፒ-ሊንክ የሚያወጣው ቲኤል-ደብልዩኤን 722 ኤን የተባለ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ትንሽ አንቴና ያለው የዋይፋይ ዕቃ አለ። የመጀመሪያው እትም በውስጡ የአቴሮስን ኤአር 9271 ቺፕ የያዘ ስለነበር በሊኑክስ ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይሠራ ነበር፤ ፈርምዌሩ እንኳ ምንጩ የተገለጸ ነው። በዚህም ምክንያት በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ስሙ ተሰማ። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ግን ስሙም፣ መልኩም፣ አንቴናውም ሳይለወጥ ቺፑ የሪያልቴክ 8188 ሆነ፤ ይህኛው ለብዙ ጊዜ በሊኑክስ ላይ ደካማ ድራይቨር ብቻ ነበረው። ልዩነቱ የሚታወቀው በዕቃው ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው የእትም ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ዝና ሰምቶ ሁለተኛውን ያስመጣ ነጋዴ ስሙን ገዝቶ ዕቃውን አጥቷል ማለት ነው። ኩባንያውም በዚህ ሕግ አልጣሰም፤ ቺፑን እለውጣለሁ አልለውጥም ብሎ የገባው ቃል አልነበረምና።

ቺፑን ለማወቅ ዕቃውን መፍታት አያስፈልግም። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ፣ በዩኤስቢ ለሚሰካው «ኤልኤስ ዩኤስቢ»፣ በላፕቶፑ ውስጥ ላለው «ኤልኤስ ፒሲአይ» የሚባለው ትእዛዝ ቢጻፍ፣ የሠሪውና የቺፑ ቁጥር ወዲያው ይወጣል። ለምሳሌ 8086 የሚለው ቁጥር የኢንቴል ነው። መጨረሻው 9271 የሆነው የአቴሮሱ፣ መጨረሻው 7601 የሆነው የሚዲያቴክ ቺፕ ነው። ይህ 7601 የተባለው ርካሽና ጣት የማታህል ዕቃ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ድራይቨሩ በከርነል ውስጥ ስለገባ ለአነስተኛ ሱቅ የሚመች ነው። ፍጥነቱ ትልቅ አይደለም፤ ለደብዳቤና ለክፍል ማስያዣ ግን ይበቃል።

የሊኑክስ ኮምፒዩተር በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን አንድ ጊዜ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2000 ዓ.ም. ገደማና ከዚያ በኋላ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት የሠራቸው አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች በሺህ ቍጥር ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለዋል። በሊኑክስ ይሠሩ ነበር፤ እርስ በርሳቸውም ያለ ራውተር በዋይፋይ ይገናኙ ዘንድ የታሰቡ ነበሩ። የፈርምዌሩ ምንጭ ስላልተገለጸ የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ተቃውመዋል። ለነጋዴው የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ በእነዚያ ላፕቶፖች ሁሉ ውስጥ የነበረው የዋይፋይ ቺፕ አንድ ብቻ፣ የማርቬል ነበር። ስለዚህ ለአንዱ የተገኘው መድኃኒት ለሁሉም ይሠራ ነበር። ዐሥር ዐይነት ቺፕ በመደርደሪያው የደረደረ ባለሱቅ ዐሥር ዐይነት ድራይቨር መጠበቅ አለበት፤ አንድ ዐይነት የያዘው አንድ ብቻ ይበቃዋል። ምርጫ ማብዛት በጨርቅ ንግድ ያዋጣል፤ በዚህ ንግድ ግን አያዋጣም።

በአሮጌ ላፕቶፖች በኩል፣ ለመሥሪያ ቤት ተብለው በተሠሩት ሞዴሎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የኢንቴል ካርድ ስለሆነ ችግሩ ጥቂት ነው። በርካሽ የቤት ላፕቶፖች ውስጥ ግን የሪያልቴክ 8821 ሲኢ ቺፕ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከርነል 5.9 በፊት በሊኑክስ ውስጥ ድራይቨር አልነበረውም። ተከታዩ 8852 ቢኢ ደግሞ የገባው በ2023 በወጣው ከርነል 6.2 ነው። ቀደም ሲል የተነሣው የፍላሽ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በከተማው የሚዞረው ፍላሽ የ2018ቱን ኡቡንቱ 18.04 የያዘ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ከርነል 4.15 ነው፤ በዚህ ፍላሽ የተሞከረ ላፕቶፕ ሁሉ ቺፑ አዲስ ከሆነ «ዋይፋይ የለውም» ይባላል። ያንኑ ላፕቶፕ በኡቡንቱ 24.04 የሞከረው ሰው ግን ከርነሉ 6.8 ስለሆነ ያለ አንዳች ድካም ኔትወርኩን ያያል። ጥፋቱ የላፕቶፑ አልነበረም፤ ፍላሹ አርጅቶ ነበር። የአዲሱ ፋይል ክብደት 6 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ከላሊበላ ማውረድ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ለዕቃ የሚሄድ ሰው ግን በኪሱ ይዞት ይመለሳል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት ማክቡኮች የተለየ ነገር ይፈልጋሉ። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት በብዙዎቹ ውስጥ ያለው የብሮድኮም 4360 ቺፕ የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር ካልተጫነለት አይሠራም። ይህን ድራይቨር አስቀድሞ በፍላሽ ያልያዘ ሰው ባይገዛቸው ይሻለዋል። «ካርዱን አውጥቼ በኢንቴል እለውጠዋለሁ» የሚል ቢኖርም በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አይሆንለትም። በቀድሞዎቹ ቲንክፓዶችና በአንዳንድ የኤችፒ ሞዴሎች ውስጥ ፋብሪካው የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አስገብቶባቸዋል፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ሲገባ ቲንክፓዱ 1802 የሚል የስሕተት ቁጥር አሳይቶ መነሣትን እምቢ ይላል። በእነዚህ ላይ የሚሻለው በዩኤስቢ የሚሰካውን መጠቀም ነው።

ከከርነሉ ውጭ የሚገኙ ድራይቨሮችም አሉ። እነዚህን ጎበዝ ባለሙያ ከምንጫቸው ሠርቶ ሊጭናቸው ይችላል፤ በዕለቱም ይሠራሉ። ገዢው ግን ከወር በኋላ ኮምፒዩተሩን ሲያድስና ከርነሉ ሲለወጥ ድራይቨሩ እንደ ገና መሠራት አለበት። ይህን በራሱ የሚያደርግ ዘዴ ቢኖርም መሥሪያ መሣሪያዎቹ በኮምፒዩተሩ ላይ መኖር አለባቸው። በተጨማሪም ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ ክፍት ከሆነ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አያስገባም። ትናንት ሲሠራ የነበረው ዋይፋይ ዛሬ ጠዋት ጠፋ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የደረሰበት ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የሚመረጠው ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ የገባለት ቺፕ ሊሆን ይገባዋል፤ ሌላው ለባለሙያ እንጂ ለመደርደሪያ አይሆንም።

ርካሹን መምረጥ የሚያስከትለውን ለማየት አንድ ሒሳብ እንበቃለን ሳይባል አይታለፍም። አንድ ነጋዴ 40 የዋይፋይ ዕቃ ገዝቶ፣ ቺፑን ስላልመረጠ በእያንዳንዱ ላይ 100 ብር ተቀነሰለት፤ 4,000 ብር አተረፈ ይባል። ከ40ዎቹ 10ሩ አይሠሩም ተብለው ቢመለሱና የአንዱ መግዣ 700 ብር ቢሆን፣ የታሰረበት ገንዘብ 7,000 ብር ነው። የማመላለሻውና የደንበኛው ቅያሜ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ለአስመጪው ዋናው ሥራ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚደረግ ግዢ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በፕሮፎርማው ላይ «የዋይፋይ ዕቃ፣ ብዛቱ 500» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ የትኛውም ቺፕ ቢላክ ሰነዱ የተሟላ ይሆናል፤ ባንኩም ይከፍላል፤ አስመጪውም የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ቃሉ ይህን የመሰለ ሊሆን ይገባዋል፦ «የሚላከው ዕቃ ኤአር 9271 ቺፕ ያለው ይሁን፤ የቺፑ ስም ከሞዴሉና ከእትሙ ቁጥር ጋር በፕሮፎርማውና በኢንቮይሱ ላይ ይጻፍ፤ ላኪው ቺፑን መለወጥ የሚፈልግ እንደ ሆነ ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ያለዚህ የተላከ ዕቃ በላኪው ወጪ ተመላሽ ይሆናል።» አስቀድሞ ሁለት ወይም ሦስት ናሙና አስመጥቶ መሞከርም ልማድ መሆን አለበት፤ በቡና ናሙና ሳይቀመስ ውል እንደማይፈረም ሁሉ።

አሮጌ ላፕቶፕ በአዲስ አበባ የሚገዛው የላሊበላ ባለሱቅ ደግሞ ሌላ ቀላል ዘዴ አለው። የኡቡንቱ ፍላሽ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ብቻ አስነሥቶ መሞከር ያስችላል። ሻጩ ፊት ላፕቶፑ በዚህ ፍላሽ ተነሥቶ የኔትወርክ ስሞች ከታዩ፣ የይለፍ ቃል ተሰጥቶ ከተገናኘና አንድ ገጽ ከተከፈተ፣ ቺፑም፣ ድራይቨሩም፣ ፈርምዌሩም፣ አንቴናውም ተፈተኑ ማለት ነው። ይህ ለአንዱ ላፕቶፕ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ስሞቹ የሚታዩት በራውተሩ አጠገብ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ጥርጣሬ አለ፤ ለጥገና ተከፍቶ የነበረ ላፕቶፕ ሲዘጋ የአንቴናው ቀጭን ሽቦዎች ከካርዱ ሳይገጠሙ ይቀራሉ።

ዕቃው ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ችግር የተገኘበት ሰው ደግሞ ሁሉ ነገር አልጠፋበትም። በመጀመሪያ የላፕቶፑ የዋይፋይ መዝጊያ ቁልፍ ተዘግቶ እንደ ሆነ ይይ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ በጎን በኩል ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት፤ ስንት ላፕቶፕ በእርሷ ምክንያት ብልሹ ተብሏል። ይህ ካልሆነ፣ ኔትወርክ ባለበት ጊዜ የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘትና በስልኩ ላይ «በዩኤስቢ ማጋራት» የሚለውን መክፈት ይበቃል። ሊኑክስ ለዚህ የተለየ ድራይቨር አይፈልግም። ስልኩ ራሱ የሆቴሉን ዋይፋይ ይዞ በገመዱ ሊያሳልፈው ስለሚችል የሞባይል ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። በዚህ መንገድ የጎደለው ፋይል ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይነቀላል።

የላስታ የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም እንዲህ ያለውን ግድግዳ ለማለፍ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይልቅ ይደክማል፤ ለሆቴል የሚሸጥ ዕቃ ሁለቱንም የሚይዝ ወይም ቢያንስ 2.4 ያለው መሆኑ ይታይ። ደግሞም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እስከ 11ኛው ቻናል ብቻ ነው። የሆቴሉ ራውተር በ12ኛው ወይም በ13ኛው ቻናል ላይ ቆሞ ከሆነ ስልኮች ሁሉ ሲያዩት ያ ላፕቶፕ ብቻ አያየውም፤ የዚህ መድኃኒቱ ራውተሩን ወደ 1ኛው፣ 6ኛው ወይም 11ኛው መመለስ ነው።

በሱቁ ውስጥ መኖር ያለበት ዕቃ ትንሽ ነው፦ አዲሱ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ያለበት አንድ ፍላሽ፣ የፈርምዌሩ ፋይሎችና የብሮድኮሙ ድራይቨር ያሉበት ሌላ ፍላሽ፣ መሥራቱ የተረጋገጠ አንድ የዩኤስቢ ዋይፋይና አንድ ጥሩ የስልክ ገመድ። በፍላሹ ላይ የተቀዳበት ወርና ዓመት በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት፤ በየሸጠው ላፕቶፕ ሆድ ላይም የቺፑ ስምና የተፈተነበት ቀን እንዲሁ።